በቅጠል ጀርባ የተሸሸጉ ተባዮች፦ የጌጥ ተክሎቻችንን በአጉሊ መነጽር፣ በሳሙናና በትዕግሥት መጠበቅ

እንጅባራ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከመስኮት አጠገብ በቆመ የቀርከሃ መደርደሪያ ላይ ሦስት የጌጥ ተክሎች ነበሩ፤ አንድ ፊከስ፣ አንድ ድራሴናና አንድ ክሮተን። ሦስቱም ከዳንግላ በስጦታ የመጡ ናቸው። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ መደርደሪያው ቢወለወልም ተመልሶ እንደሚጣበቅ ነገሩን። የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጣሪያውን ነውና እኛም ቀና ብለን ጣሪያውን አየን፤ ደረቅ ነው። በሦስተኛው ቀን ጉንዳኖች ተሰልፈው መጡ፤ በሁለተኛው ሳምንት የፊከሱ ቅጠሎች ጥላሸት የተቀቡ መሰሉ። ያን ጊዜ አንድ ባልደረባችን ከድንች ማሳቸው የተረፈ ግማሽ ጠርሙስ ፀረ ተባይ መድኃኒት ይዘው መጡና «አንድ ጊዜ እርጩት፤ ትገላገላላችሁ» አሉን።

ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሰዎች ይሠራሉ፤ ከእነርሱም አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። መስኮቱ በብርዱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። እኛ የፊዚክስ መምህራን እንጂ የነፍሳት ሊቃውንት አይደለንም፤ ነገር ግን ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት አንድ ጥያቄ ማንሳት ተገቢ መስሎ ታየን። ለመሆኑ የምንረጨው በምን ላይ ነው? ይህ ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ የተወለደ ነው። አንባቢያን እንደሚመለከቱት፣ መልሱን ለማግኘት ከረዱን ነገሮች ብዙዎቹ በመሰናዶ ክፍል የሚማሯቸው የፊዚክስ መርሆዎች ናቸው።

የሚጣበቀው ጠብታ ከየት መጣ?

በመጀመሪያ ቀላል ፍተሻ አደረግን። በንጹሕ መስታወት ላይ አንድ የውኃ ጠብታ፣ ከጎኑም ከቅጠሉ የወደቀውን ጠብታ አኑረን አሳደርናቸው። በማግስቱ ውኃው ተንኖ ጠፍቷል፤ ሌላኛው ግን እንደ ማር ተጣብቆ ቀርቷል። ስለዚህ በውስጡ የማይተን ነገር፣ ማለትም ስኳር አለ። ጉንዳኖቹ ይህንን ከእኛ አስቀድመው ዐውቀዋል።

ተክል በቅጠሉ የሚያዘጋጀው ስኳር ወደ ሥርና ወደ እንቡጥ የሚጓዘው ፍሎየም በሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ስኳር ውኃን በኦስሞሲስ ስለሚስብ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ 1 ሜጋፓስካል ገደማ፣ ማለትም የከባቢ አየርን ግፊት 10 እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል። የአንድ ተራ መኪና ጎማ የሚነፋበት ግፊት ከዚህ ሩብ ያህል ቢሆን ነው። እንግዲህ በቅጠሉ ውስጥ ከጎማ ይልቅ የተወጠረ የስኳር ቧንቧ አለ ማለት ነው።

ክሽክሽ፣ ዱቄታማ ተባይ፣ ነጭ ዝንብና ብዙዎቹ ቅርፊታም ነፍሳት ይህንን ቧንቧ የሚበሱ ናቸው። የክሽክሽ አፍ መርፌ የሚመስል ሲሆን፣ ምግብ የሚያልፍበት ቦይ ስፋቱ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው። መርፌው ቧንቧውን ካገኘ በኋላ አብዛኛውን የመግፋት ሥራ የሚሠራው የተክሉ የራሱ ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ኬነዲና ሚትለር የተባሉ ተመራማሪዎች በመመገብ ላይ ያለን ክሽክሽ ከመርፌው ቆርጠው ሲያነሱት፣ በተክሉ ላይ ተሰክቶ ከቀረው ጉቶ ፈሳሹ መፍሰሱን እንደቀጠለ አሳይተዋል። ይህ ዘዴ ከዚያ ወዲህ የተክሎችን የስኳር ጉዞ ለማጥናት ሲያገለግል ቆይቷል።

ፈሳሹ በስኳር የበለጸገ፣ ለሰውነት ግንባታ በሚያስፈልጉ አሚኖ አሲዶች ግን የደኸየ ነው። ነፍሳቱ የሚፈልጉትን ጥቂት ነገር ለማግኘት ብዙ መጠጣት፣ ትርፉንም ስኳር ማስወገድ ይገባቸዋል። በመደርደሪያችን ላይ የተንጠባጠበው ይህ ትርፍ ነው። በላዩ የሚያድገው ጥላሸት መሰል ሻጋታ ተክሉን ባይበላውም ብርሃን ይጋርድበታል። ስለሆነም ተክሉ ስኳሩን ሲሰረቅ፣ ስኳር የሚሠራበትም መስኮት አብሮ ይዘጋበታል።

መሣሪያው፦ ባለ 10 እጥፍ ሌንስ

ተባይን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጤናማ ዓይን አንድን ነገር አጥርቶ የሚያይበት የተለመደ ቅርብ ርቀት 25 ሴንቲ ሜትር ነው። የአንድ ሌንስ የማጉላት አቅም በግምት 25 ለሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል የሚገኘው ነው። የትኩረት ርቀቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሌንስ 10 ጊዜ ያጎላል ማለት ነው። በ10 እጥፍ ሲታይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል ፍጥረት 5 ሚሊ ሜትር ትመስላለች፤ እግሯንም መቁጠር ይቻላል። ሌንሱን ወደ ዓይናችን አስጠግተን ከያዝን በኋላ ቅጠሉን ወደ ሌንሱ ማቅረብ እንጂ፣ ሌንሱን በክንድ ርቀት ይዞ ማየት አይገባም።

ከሌንሱ ጋር አንድ ነጭ ወረቀት ይያዝ። ቅጠሉን በወረቀቱ ላይ መታ መታ ስናደርገው የሚወድቁት ነጠብጣቦች ቢንቀሳቀሱ ሕይወት አላቸው። ዋናው ደንብ ግን ቅጠሉን መገልበጥ ነው፤ ከተባዮቹ ብዙዎቹ ከፀሐይና ከደረቅ አየር ተጠልለው የሚኖሩት በቅጠል ጀርባና በብብቱ፣ ማለትም ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ነውና። በቅጠላ ቅጠል የጌጥ ተክሎች ላይ በብዛት የሚያጋጥሙት የሚከተሉት ናቸው።

ክሽክሽ፦ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ለስላሳና የዕንቁ ፍሬ ቅርጽ ያለው ነው። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል። ለጋ ቅጠልና እንቡጥ ላይ ተጠጋግቶ ይሰፍራል። በገብስና በባቄላ ማሳ ላይ የምናውቀው ክሽክሽ ዘመድ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ሴቷ ያለ ወንድ ልጆቿን በሕይወት ስለምትወልድ ቁጥራቸው በፍጥነት ይጨምራል።

ዱቄታማ ተባይ፦ ሞላላ፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በነጭ ሰም የተሸፈነ ነው። ከርቀት ሲያዩት በቅጠል ብብት የተወሸቀ የጥጥ ብናኝ ይመስላል። በፊከሳችን ላይ የተገኘው ይህ ነበር።

ቅርፊታም ነፍሳት፦ ግንድና የቅጠል ደም ሥር ላይ የተለጠፉ ቡናማ ወይም ነጭ ጠርሲሶች ይመስላሉ። በጥፍር ሲፋቁ ቢነሱ የተክሉ አካል አይደሉም። ከእንቁላል የወጡት ጫጩቶች ብቻ እየዳሁ ይጓዛሉ፤ ተስማሚ ቦታ ሲያገኙ ተተክለው ቅርፊት ያበጃሉ።

ነጭ ዝንብ፦ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ነጭ ክንፋም ነው። ተክሉ ሲነካ ብር ብሎ ተነሥቶ ተመልሶ ይሰፍራል።

ትሪፕስ፦ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ነፍሳት ነው። ቅጠሉን እየቧጨረ ስለሚመገብ የብር ቀለም ያለው ጭረትና በላዩ የተበተነ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል።

ቀይ ሸረሪት፦ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብታክል ነው። ስምንት እግር ስላላት በትክክለኛው አነጋገር ነፍሳት አይደለችም። ሙቀትና ደረቅ አየር ትወዳለች። ቅጠሉ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል፤ ሲብስም ቀጭን ድር ይታያል። ይህ ልዩነት የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለነፍሳት ከተሠሩ መድኃኒቶች ብዙዎቹ እርሷን ሳይነኩ ጠላቶቿን ስለሚገድሉ፣ ከርጭት በኋላ እርሷ ትበዛለች።

ተባይ ያልሆነውንም መለየት

ቢጫ ቅጠል ሁሉ የተባይ ሥራ አይደለም። ፊዚክስ እንደሚያስተምረን ውጤት የምንጩን ቅርጽ ይይዛል። ፀሐይ ያቃጠለችው ቅጠል ጉዳቱ በመስኮቱ በኩል ብቻ ይሆናል። ውኃ የበዛበት ተክል ከታች ጀምሮ በዙሪያው ይገረጣል። የአየር ድርቀት ወይም በአፈር የተጠራቀመ ጨው የቅጠሉን ጫፍና ጠርዝ ያደርቃል። ተባይ ግን እዚህም እዚያም ጉዳት ያደርሳል፤ ማስረጃም ትቶ ይሄዳል፦ የተገፈፈ ቆዳ፣ የሚጣበቅ ጠብታ፣ ድር ወይም ነጠብጣብ። ማስረጃ ሳይገኝ መርጨት ያለ ልኬት ድምዳሜ ላይ እንደ መድረስ ነው።

ለዚህ ከዞናችን የተሻለ ምስክር አይገኝም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ወረዳዎች አርሶ አደሮች ለከሰልና ለማገዶ በሰፊው የተከሉት ዲከረንስ በቅርብ ዓመታት ቅጠሉና ቅርንጫፉ ዝገት በሚመስል ቡናማ ነገር ተወርሮ ከፍተኛ ጉዳት ደርሶበታል። የዚህ ምክንያት ነፍሳት ሳይሆን ዩሮሚክላዲየም የተባለ ፈንገስ ነው። በፈንገስ ላይ የነፍሳት መርዝ መርጨት ገንዘብንም ጤናንም ማባከን ነው።

ከፍታና ቀን መቁጠሪያ

የነፍሳት ሰውነት የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም ከአካባቢው ጋር ነው። በመሆኑም ዕድገታቸው በሙቀት ይወሰናል። ከተወሰነ መነሻ ሙቀት በታች ዕድገት ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ባለው ሰፊ ክልል የዕድገቱ ፍጥነት ከሙቀቱ ጋር በቀጥታ መስመር ያድጋል ብሎ መገመት ይቻላል። በየቀኑ ከመነሻው በላይ የተገኘውን ሙቀት ብንደምር «ዲግሪ-ቀን» የሚባለውን መለኪያ እናገኛለን።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። መነሻ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነና አንድ ትውልድ ለመጨረስ 300 ዲግሪ-ቀን የሚያስፈልገው ተባይ አለ እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። እንጅባራ ከዳንግላ በግምት 400 ሜትር ከፍ ትላለች። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል የሚቀንስ ቢሆን፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ2.6 ዲግሪ ልዩነት እንጠብቃለን። ዳንግላ ያለው ክፍል አማካይ ሙቀቱ 18 ዲግሪ ቢሆን ተባዩ በየቀኑ 8 ዲግሪ-ቀን ስለሚያገኝ በ38 ቀን ገደማ ትውልዱን ይጨርሳል። እንጅባራ ላይ ሙቀቱ 15.4 ዲግሪ ቢሆን በየቀኑ የሚያገኘው 5.4 ብቻ ነውና 56 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ፀሐይ በሚያገኘው ዝግ መስኮት አጠገብ አማካዩ 24 ዲግሪ ቢደርስ ግን 21 ቀን ይበቃዋል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ከተማው ብርዳም ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ተባዩ የሚኖረው በመስኮቱ ሙቀት እንጂ በከተማው አማካይ ሙቀት አይደለምና። ሁለተኛው ያልጠበቅነው ነበር። አዲስ የመጣን ተክል ከሌሎች ለይቶ የማቆያው ጊዜ በቀዝቃዛ ክፍል ማጠር ሳይሆን መርዘም አለበት። ሙቅ በሆነ ክፍል አራት ሳምንት የሚበቃው ተክል በቀዝቃዛ ክፍል ሁለት ወር ያህል ሊፈልግ ይችላል፤ የተሸሸገው እንቁላል ተፈልፍሎ ለዓይን እስኪታይ ድረስ ጊዜ ይወስዳልና። እኛ ከዳንግላ የመጡትን ሦስት ተክሎች አንድም ቀን ለይተን አላቆየንም ነበር።

ከተክል ጋር የሚጓዙ ተባዮች

ይህ ቸልተኝነት የእኛ ብቻ አይደለም። በየግቢው አጥርና ጌጥ ሆኖ የሚተከለውን የፈረንጅ ጽድ የሚያጠቃው የጽድ ክሽክሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታየ፤ በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታትም ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የማንጎን ቅጠል የሚያጠቃው ነጭ ቅርፊታም ነፍሳት በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቷል። በትግራይ ደግሞ ቀይ ቀለም ለማምረት ታስቦ የገባው ኮቺኒል የተባለ የዱቄታማ ተባይ ዘመድ፣ ከቁጥጥር ወጥቶ የሕዝቡን የበለስ ቁልቋል ወርሯል። ችግኝ ስንለዋወጥ የምንለዋወጠው ተክሉን ብቻ አይደለም።

ሳሙና እንዴት ይገድላል?

በዱቄታማ ተባይ ላይ ንጹሕ ውኃ ብናንጠባጥብ እየተንከባለለ ይወርዳል። ሰሙ ውኃን አይቀበልም፤ የውኃም የገጽ ውጥረት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሜትር 72 ሚሊ ኒውተን ያህል ስለሆነ ጠብታው ተሰብስቦ ይቀራል። ነፍሳት ደግሞ የሚተነፍሱት በጎናቸው ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። የቀዳዳው ሬዲየስ 10 ማይክሮን ነው እንበል። ሰም በተቀባ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ውኃን ለማስገባት የሚያስፈልገው ግፊት እስከ ሁለት ጊዜ የገጽ ውጥረት ለሬዲየስ ሲካፈል፣ ማለትም 14,400 ፓስካል ሊደርስ ይችላል። ይህ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ጥልቀት ያለው ውኃ ከሚያሳድረው ግፊት ጋር እኩል ነው። ዝናብ ነፍሳትን የማያሰምጠው ስለዚህ ነው።

ሳሙና ሲጨመር የገጽ ውጥረቱ ወደ 30 ሚሊ ኒውተን ገደማ ይወርዳል። ከዚህም የሚበልጠው ለውጥ ፈሳሹ ሰሙን ማርጠብ መጀመሩ ነው፤ ያን ጊዜ ቀዳዳው ፈሳሹን መግፋቱን ትቶ ወደ ውስጥ ይስበዋል። በተጨማሪም ሳሙና ሰሙን ይሸረሽራል፤ የሕዋሳትንም ሽፋን ያውካል። ለስላሳ አካል ያላቸው ተባዮች በዚህ ይሞታሉ።

ከዚህ መርህ የአጠቃቀሙ ደንብ ይፈልቃል። ሳሙና የሚሠራው እርጥብ ሆኖ ተባዩን ሲነካ ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ኃይል የለውም። ስለዚህ የቅጠሉን ጀርባና ብብቱን ማራስ ግድ ነው። እንቁላልን በአስተማማኝ ሁኔታ ስለማይገድል በየ5 እስከ 7 ቀኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መደገም አለበት። በካልሲየም የበለጸገ ውኃ ሳሙናን ወደ ነጭ አተላ ስለሚለውጠው፣ ጥቂቱን በጠርሙስ ነቅንቆ አረፋ መያዙን ማየት ይበጃል።

የኢትዮጵያ አንባቢ በዚህ ላይ እንዶድን ሳያስታውስ አይቀርም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመልክተው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ የመቆጣጠር ምርምር ጀመሩ። ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን እንደ ሳሙና የገጽ ውጥረትን የሚቀንስ ውሁድ ነው። ታሪኩ ማስጠንቀቂያም አለው፦ ልብስን የሚያጸዳ ነገር በውኃ ውስጥ ያለን ሕይወት ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የተረፈ የሳሙናም ሆነ የእንዶድ ውኃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ አይደፋ።

ግማሽ ጠርሙሱስ?

የማሳ መድኃኒት መጠን የተቀመረው ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ እንዲረጭ ነው። የእኛ ክፍል 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱም 3 ሜትር ነው፤ 48 ሜትር ኩብ አየር ብቻ ይይዛል። መስኮቱ ዝግ ከሆነ የተነነው መርዝ የሚሄድበት የለም፤ በመጋረጃ፣ በወረቀትና በሳምባ ላይ ያርፋል። የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት ያገኙት ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ዓለም ግን የዚህን ንጥረ ነገር ከተፈጥሮ ቶሎ አለመጥፋት ተረድቶ በ2001 በስቶክሆልም ስምምነት አጠቃቀሙን ገድቧል። ከአድናቆቱ እስከ ገደቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። በአገራችንም ፀረ ተባይ ከመሸጡና ከመዋሉ በፊት እንዲመዘገብ የሚያዝ አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ጽሑፉ የተላጠ፣ ለድንች የተገዛ ጠርሙስ ለቢሮ የተመዘገበ መድኃኒት ሊሆን አይችልም።

«አንድ ጊዜ» የሚለውም ቃል ስሌት አይደግፈውም። ከ1,000 ተባዮች 99 በመቶውን የሚገድል መርዝ ብንረጭ 10 ይተርፋሉ። እያንዳንዱ ትውልድ ቁጥሩን በ10 እጥፍ ቢያሳድግ፣ በሁለት ትውልድ ውስጥ እንደገና 1,000 ይሆናሉ። ቀደም ሲል በሠራነው ምሳሌ መሠረት ይህ በሞቃቱ መስኮት አጠገብ የ42 ቀን ጉዳይ ነው። የተረፉት ደግሞ መርዙን መቋቋም የቻሉት ሊሆኑ ስለሚችሉ ሁለተኛው ርጭት ከመጀመሪያው ያነሰ ይሠራል። ተባይን የሚያሸንፈው የአንድ ቀን ኃይል ሳይሆን የድግግሞሽ ሥርዓት ነው።

የሚመከረው ቅደም ተከተል

1. የተጠቃውን ተክል ከሌሎቹ መለየትና በሌንስ መርምሮ ተባዩን ማወቅ።

2. በጣም የተጎዱ ቅጠሎችን ቆርጦ በላስቲክ አሥሮ ማስወገድ፤ ሜዳ ላይ አለመጣል።

3. ጠንካራ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች በለብታ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ከፊትም ከጀርባም መጥረግ። ክሽክሽና ቀይ ሸረሪት በዚህ ብቻ በብዛት ይቀንሳሉ።

4. ዱቄታማ ተባይንና ቅርፊታም ነፍሳትን 70 በመቶ የሕክምና አልኮል በነካ ጥጥ አንድ በአንድ መንካትና ማንሳት። አልኮል ተቀጣጣይ ስለሆነ ከእሳት መራቅ ያስፈልጋል።

5. በአንድ ሊትር ውኃ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና መበጥበጥ። የልብስ ዱቄት ሳሙናና በረኪና አይሆኑም። በመጀመሪያ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ ሁለት ቀን መጠበቅ፤ ፈርንና ጸጉራም ቅጠል ያላቸው ተክሎች በቀላሉ ይጎዳሉ። ፀሐይ በሌለበት ሰዓት ረጭቶ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ።

6. ለነጭ ዝንብ ቢጫ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ቫዝሊን ቀብቶ መስቀል። የነጭ ዝንብ ዓይን ወደ ቢጫና አረንጓዴ የብርሃን ክልል ይሳባል። ይህ ቁጥራቸውን ለመከታተል እንጂ ብቻውን ለማጥፋት አይበቃም፤ በየሳምንቱ ተቆጥሮ ይመዝገብ።

7. በደጅ ባሉ ተክሎች ላይ ባለ ነጠብጣብ ጢንዚዛዎች ከታዩ አለመንካት። በካሊፎርኒያ የብርቱካን እርሻዎችን ሊያጠፋ የነበረ ቅርፊታም ነፍሳት እ.ኤ.አ. በ1888 እና በ1889 የተገታው ከአውስትራሊያ በመጣች አንዲት ጢንዚዛ ነው።

8. ይህ ሁሉ ካልሠራ ተክሉን ማስወገድ፤ ወይም የግብርና ባለሙያን አማክሮ ለዚያ አገልግሎት የተመዘገበ መድኃኒት በመመሪያው መሠረት ከሰው ርቆ በደጅ መጠቀም።

ለተማሪዎች የሚሆን ሙከራ

አንድ የፊከስ ቅጠልና አንድ የጎመን ቅጠል ወስዳችሁ በእያንዳንዳቸው ላይ እኩል መጠን ያላቸው የንጹሕ ውኃና የሳሙና ውኃ ጠብታዎች አኑሩ። ከጎን በስልክ ካሜራ ፎቶ አንሥታችሁ ጠብታው ከቅጠሉ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ለኩ። ሳሙናውን በሊትር ከ2 ሚሊ ሊትር ጀምራችሁ እስከ 20 ሚሊ ሊትር እየጨመራችሁ ድገሙት። ማዕዘኑ ከተወሰነ መጠን በኋላ ብዙ እንደማይቀንስ ትመለከታላችሁ። ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ሳሙና ተባዩን ሳይሆን ተክሉን የሚጎዳ ነው።

ወደ መደርደሪያችን እንመለስ። ክሮተኑ ከመጠን በላይ ተጎድቶ ስለነበር አስወገድነው። ፊከሱንና ድራሴናውን በአልኮልና በሳሙና አራት ጊዜ አከምናቸው። በአምስተኛው ሳምንት ፊከሱ ላይ ጥጥ መሰሉ ነገር ተመልሶ ሲታይ ተስፋ ልንቆርጥ ነበር፤ ይሁንና የጽዳት ሠራተኛዋ የአበባ ማስቀመጫውን አንሥተው ሲገለብጡ፣ እኛ አንድም ጊዜ ያላየነውን የተባዮች ጎጆ ከጠርዙ በታች አገኙት። ሌንሱ በእኛ እጅ ነበር፤ ያገኙት ግን እርሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ሌንሱ በእርሳቸው መሳቢያ ተቀመጠ፤ በየሰኞውም ቅጠሎቹን ገልብጠው ያያሉ። መድኃኒቱን ያመጡት ባልደረባችን ጠርሙሱን ሳይከፈት መልሰው ወሰዱት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ለድንች ማሳቸው እንዲህ ያለ ሌንስ ከየት እንደሚገኝ ጠየቁን። መደርደሪያው አሁን አይጣበቅም።